የአባታችንን ሬዲዮ ለማን እንሽጠው?

ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚዛወር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቸገረው በትልልቁ ዕቃ ነው። ቡፌው በደረጃ አይወጣም፤ አልጋው መኝታ ቤቱን ይሞላዋል። ቀጥሎ የአባት ሬዲዮ ተራ ይደርሳል። የእንጨት ሳጥን ያለው ግሩንዲግ ወይም ፊሊፕስ፣ በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ያለ ባለ ድንጋይ ናሽናል፣ አንዳንዴም በካርቶን የታጨቀ ሽቦ፣ አንቴናና መለዋወጫ ይወጣል። ልጆች «ይሸጥ» ይላሉ፤ እናት «አቧራ ሰብሳቢ» ይሉታል፤ አባት ዝም ይላሉ።

ዝምታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ብሥራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ፣ የዶቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲከተል፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ የቤቱ ትልቅ ዕቃ ነበር። በደርግ ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ የብዙ ቤት የማታ ልማድ ነበር። ጣቢያው ሲሸሽ ለማግኘት ሽቦ እስከ ዛፍ የሚዘረጉ፣ ራሳቸው ፈትተው የሚገጥሙ አባቶችም ጥቂት አልነበሩም። ለእነሱ ሬዲዮ ከዕቃነት አልፎ ጊዜያቸውንና ልባቸውን የሰጡት ሙያ ነበር።

መሸጡ ከተወሰነ ግን ዋናው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «የት ይሸጥ?» የሚለው ነው። አንዱ ሬዲዮ በአምስት ቦታ አምስት ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ ገዢ የሚፈልገው ሌላ ሌላ ነገር ነውና።

ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው?

በር ላይ የሚመጣው ቁራሌው የሚገዛው ብረቱንና ፕላስቲኩን ነው። ለተሰበረና ለማይጠገን ዕቃ ይበቃል፤ ለሚሠራ ሬዲዮ ግን የመጨረሻው ምርጫ ይሁን።

የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ዕቃውን ለመለዋወጫ ይፈልገዋል። ስፒከሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቁልፎቹ ይጠቅሙታል። የማይሠራ፣ ግን አካሉ ያልጎደለ ሬዲዮ ካለዎት ከቁራሌው ይልቅ እሱን ያነጋግሩ። አንድ ብልሃት ልንገርዎት፤ የሬዲዮውን ጤንነት የሚያስመረምሩት ሰውና የሚገዛዎት ሰው የተለያዩ ይሁኑ። ሊገዛ ያሰበ ሰው ጉድለቱን ማብዛቱ አይቀርም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስደው ቢሸጡ ገንዘቡን እዚያው ይቀበላሉ። ነገር ግን የሚገዛዎት ነጋዴ መልሶ ስለሚሸጠው ትርፉን ከእርስዎ ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

የእንጨት ሳጥን ያላቸው ባለ አምፖል ሬዲዮኖች ሌላ ደንበኛ አላቸው። በቸርችል ጎዳና ያሉ የባህልና የጥንት ዕቃ መሸጫዎች፣ እንዲሁም ቤታቸውን በድሮ ዕቃ የሚያስጌጡ ካፌዎች የሚገዙት መልኩን ነው። እንጨቱ ካልተሰነጠቀ፣ የጣቢያ ማሳያው መስታወት ካልተሰበረና ቁልፎቹ ካልጎደሉ፣ ድምፅ ባያወጣም ዋጋ አለው።

በቴሌግራም መሸጥ ከመጨረሻው ተጠቃሚ ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኝ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ገዢውን ከቤት ውጭ፣ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ያግኙት። የደረሰኝ ፎቶ ቢያሳይዎት አይመኑ፤ ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ሳያረጋግጡ ዕቃውን አይልቀቁ።

«አሜሪካ ያለው ልጃችን ይሽጥልን» የሚሉም አሉ። የጀርመንና የሆላንድ የቤት ሬዲዮኖች በብዛት የተመረቱ ስለሆኑ እኛ ዘንድ ብርቅ የሆነው እዚያ ብርቅ ላይሆን ይችላል። ክብደቱም ብዙ ነው፤ መስታወቱ በጉዞ ይሰበራል። የጥንት ዕቃ ከአገር ሲወጣም የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። በውጭ የሚኖሩና በአማተር ሬዲዮ የተጠመዱ አባቶች ግን እዚያው ገበያ አላቸው። በአሜሪካ ኦሃዮ በየግንቦቱ፣ በጀርመን ፍሪድሪክስሃፈን በየሰኔው አካባቢ በሚካሄዱት ትልልቅ የአማተሮች ጉባኤዎች ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል፣ ይለወጣል። እዚያ የሚመጣው ገዢ ዕቃውን ስለሚያውቀው በብረት ዋጋ አይጠይቅም።

ማይክሮፎን ካለው ቆም ይበሉ

ከካርቶኑ የወጣው ዕቃ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን ማስተላለፊያም ከሆነ ነገሩ ይለያል። ማስተላለፊያ ፈቃድ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገዶችን ያስተዳድራል። ስለዚህ ገበያ ከማውጣትዎ በፊት እዚያ ጠይቁ፤ ፈቃድ ለሌለው ሰውም አይስጡ። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ «ኢቲ3ኤኤ» በሚል መለያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ተማሪ እጅ ቢገባ ለሌላ ትውልድ ይተርፋልና፣ ከመሸጥ ይልቅ መስጠት የሚመርጥ አባት ቢኖር አያስገርምም።

ገበያ ከመውጣቱ በፊት

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ባለ ድንጋዩን ሬዲዮ መጀመሪያ ይክፈቱት፤ ያረጀ ድንጋይ አፍስሶ ሽቦውን ይበላል። ለዓመታት የተቀመጠውን ባለ አምፖል ሬዲዮ ግን «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብለው ሶኬት ላይ አይሰኩት። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስለሚያረጁ ሊፈነዳ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ጠጋኝ ቀድሞ ይየው። እንጨቱን በቀለም አያድሱት፤ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ፊቱን፣ ጀርባውንና የፋብሪካውን ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ፤ የማይሠራውን ነገር በግልጽ ይናገሩ። ማህደሩ፣ መመሪያ መጽሐፉና ሽቦው ካሉ አብረው ይሸጡ።

ባለቤቱ ማን ነው?

ከገበያው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አባት በሕይወት ካሉ ሬዲዮው የእሳቸው ነው፤ ገንዘቡም የእሳቸው ነው። ይህን ልጆች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። አንዳንድ አባት «ሽጡት» የሚሉት ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ብለው ነውና ከአፋቸው የወጣውን ብቻ ሰምተው አይነሱ። ለብቻቸው ሲሆኑ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፦ የትኛው ይቅርልዎት? የትኛውን ለማን ቢሰጡት ደስ ይልዎታል? የልጅ ልጅም አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ሬዲዮው መቼ እንደተገዛ፣ ምን ወሬ እንደተሰማበት ሲያወሩ በስልኩ ይቅዳ። ሬዲዮው ቢሸጥ እንኳ ወሬው ለቤተሰቡ ይቀራል።

አባት ካረፉ ደግሞ ቢያንስ ከአርባቸው በፊት ዕቃቸው አይነካካ። ወንድምና እህት ተስማምተው ይወስኑ፤ አንዱ «ለእኔ ይቅር» ካለ ዋጋ ሳይተመን ይሰጠው። በሬዲዮ የተኳረፉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ የሚጠፋው ጊዜ ከዋጋው ይበልጣል።

አባት ዛሬም ማታ ማታ የሚያዳምጡበት ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ ቁልፉን በእጃቸው ዳብሰው የሚያገኙት ከሆነ፣ አዲስ ሬዲዮ ገዝቶ ያንን ለመተካት አይሞከር። በአዲሱ ቤት ከአልጋቸው ራስጌ ቦታ ይፈለግለት።