ለየዕለቱ ወጪ የሚሆን ሁለተኛ ክሬዲት ካርድ ስለ መምረጥ

በአሜሪካ አገር ጥቂት ዓመት የተቀመጠ ወገናችን በኪሱ ቢያንስ አንድ ክሬዲት ካርድ ሳይኖረው አይቀርም። ይህም ካርድ ብዙውን ጊዜ የሽልማት ካርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ በከፈለበት ቁጥር ነጥብ የሚቆጥርለት፥ ነጥቡም ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ወይም የሆቴል መኝታ የሚሆንለት ነው። ካርዱን ያወጣበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ፥ እናትና አባትን ጠይቆ ለመመለስ የአምስት ሰው ቲኬት መግዛት ምን ያህል እንደሚከብድ የቤቱ አባወራ ያውቀዋል። ነገር ግን ካርዱ ኪስ ከገባ በኋላ አስቤዛውም፥ ቤንዚኑም፥ የልጆቹ ጫማም፥ የመኪናው ኢንሹራንስም በእርሱ ይከፈላል፤ ካርዱም ለእነዚህ ወጪዎች የሚሰጠው ከሁሉ ያነሰውን ነጥብ ነው። እንግዲህ ከሽልማት ካርዱ አጠገብ ለየዕለቱ ወጪ የሚሆን ሌላ ካርድ መያዝ ይጠቅማልን? የሚጠቅም ከሆነስ የትኛው ነው? ይህን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን።

አስቀድሞ ሽልማቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባንክ ከገዛ ካዝናው አውጥቶ ለማንም ስጦታ አይሰጥምና። አንድ ሰው በሱቅ 100 ዶላር በካርድ ሲከፍል ባለሱቁ 100ውን በሙሉ አይቀበልም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዶላር ይቀነስበታል። ከዚህም የሚበዛው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይገባል፤ ባንኩም ከደረሰው ላይ ከፍሎ ለደንበኛው በነጥብ ወይም በገንዘብ ይመልስለታል። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀመር፥ ባንክ ኦፍ አሜሪካም በ1958 በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ካርድ ላልጠየቁት ሰዎች ሁሉ በፖስታ ሲልክ፥ ለደንበኛው ገንዘብ መመለስ የሚባል ነገር አልነበረም። ያ የፍሬዝኖው ካርድ ከ1976 ጀምሮ ቪዛ ተባለ። ከግዢው ላይ ገንዘብ የመመለስን ልማድ በሰፊው ያስተዋወቀው ግን በ1986 የወጣው ዲስከቨር የተባለው ካርድ ነው።

ባንኩ ከዚህ ሌላ ታላቅ ገቢ አለው፤ እርሱም ወለድ ነው። በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነው። ስለዚህ 3,000 ዶላር ዕዳ በከመቶ 22 ወለድ ዓመቱን ሙሉ የተሸከመ ቤት ወደ 660 ዶላር ይገብራል፤ ከዚህ በታች በምናየው ሒሳብ አንድ መካከለኛ ቤተ ሰብ ዓመቱን ሙሉ ተጠንቅቆ የሚሰበስበው ሽልማት እዚህ አይደርስም። ደግሞም ከወር ወደ ወር ዕዳ ያሳደረ ሰው የእፎይታ ቀኖቹን ያጣል፤ ዛሬ የገዛው ዳቦ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በዚህ ዓይነት ላለ ቤት ሁለተኛ ካርድ መምረጥ ጊዜው አይደለም። የሚከተለው ሁሉ የተጻፈው በየወሩ የመጣበትን ሒሳብ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ለሚከፍል ቤተ ሰብ ነው።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ቤተ ሰብ የቤት ኪራዩን ሳይጨምር በየወሩ 2,500 ዶላር በካርድ ያወጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 700ው ለአስቤዛ፥ 200ው ለቤንዚን፥ 150ው ለምግብ ቤት ነው፤ የቀረው 1,450 ለኢንሹራንስ፥ ለስልክ፥ ለልብስ፥ ለመድኃኒትና ለመሳሰለው ይሆናል። በእጁ ያለው የሽልማት ካርድ በዓመት 95 ዶላር የሚያስከፍል፥ በምግብ ቤት ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ዶላር 3 ነጥብ፥ ለጉዞ 2 ነጥብ፥ ለቀረው ወጪ 1 ነጥብ የሚሰጥ ይሁን፤ በብዙ ሰው ኪስ የሚገኘው ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ የተባለው ካርድ ለዚህ ቅርብ ነው። አንዱን ነጥብ በ1 ሳንቲም ብንገምተው፥ የምግብ ቤቱ ወጪ በዓመት 1,800 ዶላር ስለ ሆነ 54 ዶላር ያስገኛል፤ የቀረው 28,200 ዶላር ደግሞ 282 ዶላር ያስገኛል። ድምሩ 336 ነው፤ የዓመቱ ክፍያ ሲነሣለት 241 ዶላር ይቀራል።

ይህ ቤተ ሰብ የዓመት ክፍያ የሌለውና ለማናቸውም ግዢ ከመቶ 2 የሚመልስ ካርድ ጨመረ እንበል፤ ሲቲ ደብል ካሽ እና ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ የተባሉት ካርዶች እንደዚህ ያሉ ናቸው። የምግብ ቤቱን በመጀመሪያው፥ የቀረውን ሁሉ በሁለተኛው ቢከፍል፥ 28,200ው ዶላር 564 ዶላር ይመልስለታል፤ 54ቱ ተጨምሮ የዓመቱ 95 ሲቀነስ 523 ይሆናል። እነሆ በዓመት የ282 ዶላር ልዩነት ተገኘ፤ ለዚህም ያደረገው ነገር ቢኖር ከኪሱ ሌላውን ካርድ ማውጣት ብቻ ነው።

ካርድ የሚሸጡ ሰዎች ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኛ ግን አንድ እርምጃ እንጨምር፤ ይህ ቤተ ሰብ 30,000ውን ዶላር በሙሉ በሁለተኛው ካርድ ብቻ ቢከፍልስ? 600 ዶላር ያገኛል። እንግዲህ ሁለቱን ካርድ የያዘው ሰው አንዱን ብቻ ከያዘው በ77 ዶላር ያንሳል ማለት ነው። ረዳት ተብሎ የገባው ካርድ ዋናው ካርድ ሥራ ፈት መሆኑን ገለጠበት። ሰው ይህን ሳያስተውል በየዓመቱ 95 ዶላር የሚከፍለው፥ ካርዱ ከብረት ስለ ተሠራ ወይም ለዓይን ስላማረ እንደ ሆነ እንጃ።

የሽልማት ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ነጥቡ ከ1 ሳንቲም በላይ ሲያወጣ ነው፤ ይህም የሚሆነው ነጥቡን ወደ አየር መንገድ ማይል በማዛወር ነው። ለምሳሌ የቼዝ ነጥብ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል አንዱ በአንድ ይዛወራል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ ወር 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ዩናይትድ ሁሉ የስታር አልያንስ አባል ስለ ሆነ፥ በዚያው ማይል ከዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አዲስ አበባ የሚያደርስ ቲኬት መቁረጥ ይቻላል፤ ለነጥብ የተተወ መቀመጫ እስከ ተገኘ ድረስ ነው። ነገር ግን ከምግብ ቤት ብቻ የሚገኘው ነጥብ በዓመት 5,400 ነው፤ ይህ ለአንድ ሰው ቲኬት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ለቲኬት የሚያጠራቅም ቤት ለየዕለቱ የሚመርጠው ካርድ ነጥቡ ከዋናው ካርድ ነጥብ ጋር የሚቀላቀል ሊሆን ይገባዋል። ከዚያው ከቼዝ የሚወጣው ፍሪደም አንሊሚትድ የዓመት ክፍያ የለውም፤ ለአብዛኛው ግዢ በዶላር 1.5 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም ወደ ሳፋየሩ ይተላለፋል። በዚህ አኳኋን የምሳሌያችን ቤተ ሰብ በዓመት 47,700 ነጥብ ያገኛል።

ይህ ከ600ው ዶላር ይበልጣልን? የዓመቱን 95 ዶላር ጨምረን ስናካፍለው እያንዳንዱ ነጥብ ወደ 1.46 ሳንቲም ማውጣት አለበት። ይህንም ማንም በቤቱ ሊያሰላው ይችላል። ቲኬቱ በገንዘብ ቢገዛ 1,400 ዶላር ነው እንበል፤ በነጥብ ሲገዛ ግን 80,000 ነጥብና 100 ዶላር ቀረጥ ተጠየቀበት። ከ1,400 ላይ 100 ተቀንሶ 1,300ው ለ80,000 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 1.6 ሳንቲም አወጣ፤ እንግዲያው ይጠቅማል። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፥ ያውም ትምህርት ቤት በሚዘጋበትና ቲኬት በሚወደድበት ወራት ለሚጓዝ ቤት ሁለቱን ካርድ አጣምሮ መያዝ መልካም ነው እንላለን። የመጓዝ ሐሳብ የሌለው ግን ባለከመቶ 2ቱን ካርድ ብቻ ይያዝ፤ የሽልማት ካርዱንም ከመዝጋት ይልቅ የዓመት ክፍያ ወደሌለው ዓይነት እንዲለውጥለት ባንኩን ይጠይቅ፤ የሒሳቡ ዕድሜ ለክሬዲት ታሪኩ ይጠቅመዋልና።

ስለ አስቤዛም ጥቂት እንጨምር። የካርድ አውጪዎች ለምግብ ቤት ብዙ ነጥብ የሚሰጡት ደንበኛቸው ማታ ማታ ከቤቱ ውጭ የሚመገብ እየመሰላቸው ነው። የእኛ ቤት ግን ወጡንም እንጀራውንም በቤት የሚሠራ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ የምግብ ቤቱ ወጪ በብዙዎች ዘንድ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዳንዶች ለሱፐርማርኬት ከመቶ 6 የሚመልሰውን የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ይመርጣሉ። ይህ ካርድ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ ከመቶ 6፥ ከዚያ በላይ ከመቶ 1 ይመልሳል፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም 95 ዶላር ያስከፍላል። በወር 200 ዶላር ግድም በሱፐርማርኬት ለሚያወጣ ሰው ከባለከመቶ 2ቱ ጋር እኩል ይሆንለታል፤ ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ትርፍ አለው። ግን ሱፐርማርኬት የሚለው ቃል የሚተረጐመው በካርዱ ድርጅት እንጂ በእኛ አይደለም። ኮስኮም፥ ዋልማርትም፥ ታርጌትም በዚህ አይቆጠሩም፤ በርበሬና ሽሮ የምንገዛበት የባልትና ሱቅም በባንኩ መዝገብ በሌላ የንግድ ዓይነት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። አንድ ጊዜ ትንሽ ነገር ገዝቶ በወሩ የሒሳብ መግለጫ ላይ በምን ዘርፍ እንደ ተጻፈ ማየት ከግምት ያድናል። በተለይ ኮስኮ በአሜሪካ ሱቆቹ ከ2016 ጀምሮ ከክሬዲት ካርድ ቪዛን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ደብል ካሽ ማስተርካርድ ስለ ሆነ እዚያ አያገለግልም፤ አክቲቭ ካሽና ፍሪደም አንሊሚትድ ግን ቪዛ ናቸው።

በጣም መጠንቀቅ የሚገባው ወደ አገር ቤት ገንዘብ በመላክ ላይ ነው። ነጥብ አገኛለሁ ብሎ በሐዋላ ድርጅት በኩል በክሬዲት ካርድ የሚልክ ሰው አለ። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን ካሽ አድቫንስ እንደሚሉት የጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል፤ ነጥብ አይሰጡበትም፤ በአብዛኛው ከመቶ 5 የሚሆን ክፍያ ይቀንሱበታል፤ ወለዱም ያለ አንዳች እፎይታ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለእናት የሚላክ 500 ዶላር 25 ዶላር ከነወለዱ ይበላበታል ማለት ነው። ይህ ከባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ይላክ። አገር ቤት ሲገባም እንዲሁ፥ ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ባለከመቶ 2 ካርዶችና ፍሪደም አንሊሚትድ ከአሜሪካ ውጭ በተከፈለባቸው ቁጥር ከመቶ 3 ያስከፍላሉ፤ ሳፋየሩ ግን ይህ ክፍያ የለበትም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሆቴል የሚከፈለው በጉዞው ካርድ ነው፤ የየዕለቱ ካርድ በቤት ይቆይ።

ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ብድሩ ተፈርሞ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ካርድ ባያመለክት ይሻለዋል፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ በክሬዲት መዝገቡ ላይ 2 ዓመት ይቆያልና። አዲስ የመጣ ዘመድም «በካርድህ ላይ ስሜን አስገባልኝ» ሲል፥ ዘመዱ ያወጣውን ሁሉ በሕግ የሚጠየቅበት የካርዱ ዋና ባለቤት መሆኑ አይረሳ። ማስገባቱ የክሬዲት ታሪክ እንዲጀምርለት ሊረዳው ይችላል፤ ካርዱን ራሱን ግን በእጁ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ሁለቱ ካርዶች ከተያዙ በኋላ የመክፈያ ቀናቸው የተለያየ ሆኖ ይገኛል። በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት የሒሳቡ መግለጫ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ መላክ አለበት፤ ሆኖም አንዱን ከፍሎ ሌላውን መርሳት ለማንም ይደርሳል። ብዙዎቹ ባንኮች በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሲጠየቁ ቀኑን ይለውጣሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ደመወዝ ከገባ በሦስተኛው ቀን ላይ አድርጎ፥ ሙሉው ሒሳብ ከባንክ በራሱ እንዲከፈል ማዘዝ ነው። በማዘዣው ቅጽ ላይ ዝቅተኛው ክፍያ የሚለው ምርጫ ከሙሉው ሒሳብ ጐን ተጽፎ ይገኛል፤ ምልክቱ በየትኛው ላይ እንዳረፈ ሳያዩ ቅጹን መዝጋት አይገባም።