ጫቱን ተከትላ የደረሰችበት

ከሁርሶ ቆላ ሆኖ ወደ ደቡብ ቀና ላለ ሰው የሐረርጌ ደጋ ይታየዋል። ድሬዳዋ የሚገባው ጫት የሚወርደው ከዚያ ነው። በየቀኑ የምናየው ነገር ስለሆነ ከየት እንደሚነሳና ማንን ይዞ እንደሚሄድ አንጠይቅም። የጠየቀችው ከሩቅ የመጣች የቅርብ ልጅ ነበረች።

ፊልም ሠሪዋ ጄሲካ በሺር ከሜክሲኳዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ሜክሲኮ ሲቲ ተወልዳ ሐረር አደገች። በ16 ዓመቷ፣ አገሩ በፖለቲካ ሲታመስ፣ ወደ ውጭ ወጣች። ከብዙ ዓመት በኋላ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመለስ በልጅነቷ የምታውቀው እርሻ ሌላ ሆኖ ጠበቃት፤ እስከ አድማስ ጫት ብቻ ነው። ቡናውና እህሉ የት ሄደ?

ካሜራዋን ራሷ ይዛ ጫቱን ተከተለች። የገበሬውን ሒሳብ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅም፦ ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ግን ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ዋጋውም ይሻላል። ውኃው ደግሞ እየራቀ ነበር። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ታይቷል።

ቀጥሎ ጥድፊያው አለ። ቃሚውን የሚያነቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ይደክማል። አወዳይ ላይ ሌሊት የሚጮኸው ገበያ፣ በጥድፊያ የሚታሰረው ዙርባ፣ ቁልቁል የሚከንፈው መኪና፣ ሁሉም ከዚህ ቅጠል ጋር ይሽቀዳደማሉ።

ለእኔ ትልቁ ግኝት ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ጫቱን ስትከተል ሰዎቹን አገኘች። ከእነሱ አንዱ መሐመድ የሚባል ታዳጊ ነው፤ አባቱ በሱስ ተይዟል፣ እናቱ ባሕር ተሻግራለች፣ እሱም መሻገር ያምረዋል። ለካ በጫት ምርቃና የሚሸሸውም በበረሃ የሚሸሸውም ከአንድ ነገር ነው የሚሸሹት፤ ተስፋ ከማጣት። ይህን የቸኮለ ጋዜጠኛ አያገኘውም። እሷ ለረጅሙ ፊልሟ 10 ዓመት ገደማ ሰጥታዋለች፤ በመሐሉም የሐረሩን ጅብ መጋቢ የዩሱፍ ሙሜን ታሪክ «ሀይራት» በሚል አጭር ፊልም ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ አሳይታለች።

ረጅሙ ፊልም «ፋያ ዳዪ» ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ተራኪ ገብቶ አያስረዳም። ሰዎቹ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ይናገራሉ፤ የዘላለም ሕይወት ውኃን ስለ መፈለግ የሚተርከው የሱፊዎች አፈ ታሪክም ከመሐላቸው ብቅ ይላል። አንዳንድ ተመልካች ዝግታው ይከብደው ይሆናል። እኔ ግን ዝግታው የሚገባው ነው እላለሁ፤ ምርቃና ውስጥ ጊዜ እንዴት እንደሚሳብ በሌላ መንገድ ማሳየት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ «ቪዥን ዱ ሬል» ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ፤ ለኦስካር የዘጋቢ ፊልም ዘርፍም 15 ፊልሞች ከቀሩበት የቅድመ ዕጩነት ዝርዝር ገባ።

ሽልማቱ ደስ ይላል። ይሁንና ፊልሙን ከሁሉም በላይ ማየት ያለባቸው የሁርሶ፣ የድሬዳዋና የአወዳይ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ናቸው። አዳራሽ ያላችሁ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት፣ እባካችሁ ለፊልሙ ፈቃድ ጠይቁና አሳዩት፤ ሲያልቅም ልጆቹ እንዲናገሩ መድረኩን ልቀቁላቸው።