«ገንዘባችን የት ገባ?» ያሉ ነዋሪዎች

የውሃ ቧንቧው ወደ የትኛው መንደር ይግባ? መንገዱ በየት በኩል ይውጣ? ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ? ይህን ሁሉ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ምክር ቤት ነው። ውሃ የሚቀዱት፣ በጭቃው የሚሄዱት፣ ልጅ የሚልኩት ሰዎች ግን ውሳኔውን የሚሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። ካለቀ በኋላ ደግሞ ማጉረምረም ብቻ ይቀራል።

በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ማጉረምረሙን ትተው ስለተደራጁ ነዋሪዎች ነው። አገራቸው ሩቅ ነው። ነገራቸው ግን ቅርብ ነው።

አገሩ ብራዚል ይባላል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በደቡብ አሜሪካ ይገኛል። በዓለም ላይ ከሁሉም አገር የበለጠ ቡና የሚያመርት ብራዚል ነው። ከተማው ደግሞ ፖርቶ አሌግሬ ይባላል። በአገሩ ደቡብ ጫፍ ያለ የአንድ ግዛት ዋና ከተማ ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የብራዚልን ነገር ስንናገር ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ማንበብ የማይችል አይመርጥም

ብራዚልን ከ1964 እስከ 1985 የገዙት ወታደሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን የግዛቶች ዋና ከተማ ከንቲባ በሕዝብ አይመረጥም ነበር። ከበላይ ይሾማል።

ሌላም ነገር ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ድምፅ አይሰጥም። ይህ ክልከላ ከወታደሮቹም በፊት የቆየ ነው። ገበሬው ያርሳል፣ የቀን ሠራተኛው ድንጋይ ይሸከማል፣ ሴቲቱ የሰው ልብስ ታጥባለች። ምርጫ ሲመጣ ግን «ፊደል አታውቁም» ተብለው ይቀራሉ።

ፓውሎ ፍሬሪ የሚባል የዚያው አገር መምህር ነበረ። በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንዢኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችንና ገበሬዎችን በአጭር ጊዜ ማንበብ አስተማረ። በ1964 ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ አሰሩት። ከዚያም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ፊደል ያስተማረ ሰው ለምን ይታሰራል? እናንተ መልሱት። ማንበብ የቻለ ሰው ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ይጠይቃል።

ሕጉ የተለወጠው በ1985 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደል የማያውቅም ሰው እንዲመርጥ ተፈቀደ።

የየሰፈሩ ማኅበር

በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ከገጠር ወደ ፖርቶ አሌግሬ ይገባ ነበር። ቤቱንም በተገኘው ኮረብታና ረግረግ ላይ ይሠራል። ውሃ የለም። የቆሻሻ ውሃ ማውረጃ ቦይ የለም። ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ጭቃ ይሆናል።

ታዲያ ምን አደረጉ? በየሰፈሩ የነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ አቤቱታ ይጽፋል። ሰው ሰብስቦ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ይቆማል። አንዳንድ ጊዜም መንገድ ዘግቶ ይጮኻል።

ነገር ግን እያንዳንዱ ማኅበር የሚሄደው ለየብቻው ነበር። የአንዱ ሰፈር ሰዎች ውሃ ይለምናሉ። የሌላው ሰፈር ሰዎች መብራት ይለምናሉ። የምክር ቤት አባሉ ወይም የፓርቲው ሰው ደግሞ «ድምፃችሁን ስጡኝ፣ ቧንቧውን አስገባላችኋለሁ» ይላል። ዘመድ ያለው ሰፈር ያገኛል። ዘመድ የሌለው ይቀራል። የሕዝብ ገንዘብ እንደ ስጦታ ይታደል ነበር።

በ1983 ማኅበራቱ ተሰብስበው አንድ ኅብረት መሠረቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በ1986 ደግሞ ኅብረቱ ትልቁን ጥያቄ አነሣ። አንድ ቧንቧ መለመን ይቅር፤ የከተማው ገንዘብ በሙሉ ምን ላይ እንደሚውል እኛም እንወስን አሉ። በጀቱን ጠየቁ ማለት ነው።

በጀት ምንድን ነው? አንድ ገበሬ እህሉን ወቅቶ ከጎተራ ከማስገባቱ በፊት ይከፍለዋል። ይህ ለዘር፣ ይህ ለቀለብ፣ ይህ ለዕዳ፣ ይህ ለገበያ ይላል። በጀት ይኸው ነው። የከተማው እህል ገንዘብ ነው። አከፋፈሉን የሚያውቅ ሰው ቧንቧው ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

የመጀመሪያው ዓመት ችግር

በ1988 ምርጫ ኦሊቪዮ ዱትራ የሚባል ሰው ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። የባንክ ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ነው። በ1989 መጀመሪያ ሥራውን ያዘ። ሕዝቡም በየሰፈሩ እየተሰበሰበ በጀቱን እንዲነጋገርበት ተጠራ።

ሕዝቡ መጣ። መንገድ፣ ውሃ፣ ቦይ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ጠየቀ። ዝርዝሩ ረዘመ። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ባዶ ሆነ። ከከተማው ገቢ አብዛኛው የሚያልቀው በሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ለሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከተጠየቀው ብዙው ሳይሠራ ቀረ። ሰዉ ተቆጣ። በተከታዩ ዓመት በአንዳንድ ሰፈር የሚሰበሰበው ሰው ቀነሰ።

ያን ጊዜ ሁሉም ትቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። ሁለት ነገር ተደረገ። አንደኛ፣ የቤትና የቦታ ግብሩ ተሻሻለ። ባለ ብዙ ሀብቱ ብዙ እንዲከፍል ሆነ። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ በመለኪያ እንዲታይ ተደረገ። «ሁሉንም እንፈልጋለን» ማለት ቀረ። «የትኛው ይቅደም?» ማለት መጣ።

አሠራሩ እንዴት ነበር?

ከተማውን በ16 ቀጠና ከፈሉት። በየዓመቱ በየቀጠናው ስብሰባ ይጠራል። የፈለገ ነዋሪ ሁሉ ይገባል። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ባለፈው ዓመት ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ይናገራል። ሕዝቡ ፊት ለፊት ይጠይቃል።

ቀጥሎ ተወካዮች ይመረጣሉ። ብዙ ሰው ያመጣ ሰፈር ብዙ ተወካይ ያገኛል። እዚህ ላይ የማኅበሩ ጉልበት ታየ። ቤት ለቤት እየሄደ ጎረቤቱን የቀሰቀሰ ማኅበር አሸነፈ። ቤቱ ተቀምጦ ያማረረ ሰፈር ወደ ኋላ ቀረ።

ቀጠናው የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ መንገድ፣ ሦስተኛ ትምህርት ቤት ይላል። እያንዳንዱ ቀጠና ሁለት ሰው መርጦ ወደ በጀት ጉባኤ ይልካል። ተመራጮቹ ደመወዝ የላቸውም። ጥሩ ካልሠሩ የመረጧቸው ሰዎች ሊያወርዷቸው ይችላሉ።

ገንዘቡ ለቀጠናዎቹ የሚከፋፈለው በሦስት መለኪያ ነው። በቀጠናው የጎደለው ነገር ምን ያህል ነው? የሕዝቡ ብዛት ስንት ነው? ሕዝቡ ራሱ ያስቀደመው የትኛውን ነው? ለምሳሌ ሁለት ቀጠናዎች ውሃ ጠየቁ እንበል። በአንደኛው አብዛኛው ቤት ቧንቧ አለው። በሁለተኛው አብዛኛው ቤት የለውም። ብዙ ነጥብ የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። ዘመድ ነጥብ አያሰጥም።

በመጨረሻ በጀቱ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። በሕግ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። አንዳንድ አባላት «ሥልጣናችን ተወሰደ» ብለው አጉረምርመዋል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው የተነጋገረበትን ዝርዝር መለወጥ ቀላል አልነበረም።

ከጸደቀ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ይወጣል። ነዋሪው መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። «ይኸው የእኛ መንገድ ተጽፏል። ለምን አልተጀመረም?» ብሎ ይጠይቃል። ያልተጻፈ ተስፋ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ምን ተገኘ?

በ1989 የቆሻሻ ውሃ ማውረጃ የነበራቸው ቤቶች ከግማሽ በታች ነበሩ። በ1996 ከ100 ቤት 85ቱ አገኙ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከ100 ቤት ለ98ቱ ደረሰ። በድሆች ሰፈር የጭቃ መንገዶች ተነጠፉ። ትምህርት ቤቶች ተጨመሩ።

በስብሰባው መጀመሪያ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከተሰብሳቢው ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆኑ። ውሃ የምትቀዳው ማን ናትና! አሠራሩም በብዙ አገሮች ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ።

ምን ጎደለ?

ደግ ደጉን ብቻ ብንናገር አይረባችሁም። የተወሰነው ሥራ ሁሉ በጊዜው አልተሠራም። በ2004 ምርጫ አሠራሩን የጀመረው ፓርቲ ተሸነፈ። የተከተሉት ከንቲባዎች አሠራሩን ወዲያው አልዘጉትም። ነገር ግን እየተዳከመ ሄደ። በ2017 ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባዎቹን አገደ።

ማገድ ለምን ተቻለ? አሠራሩ በከተማው ሕግ የጸና አልነበረም። የሚመራው ተሳታፊዎቹ በየዓመቱ በሚያሻሽሉት ደንብ ነበር። ሕግ ይውጣለት የሚሉ ነበሩ። ሕግ ከወጣለት ምክር ቤቱ ይቆጣጠረዋል ብለው የፈሩም ነበሩ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ነዋሪው ጠንክሮ ካልያዘው በከንቲባ ፈቃድ የመጣ ነገር በከንቲባ ፈቃድ ይሄዳል።

ወደ እኛ ስንመለስ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከት ሥራ ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ ጠያቂው ሰው አጥፊ አይደለም።

መደራጀትም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድር አለን። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ለቀብር የተሰበሰበ ሰው ለምንጭ ውሃም መሰብሰብ ይችላል። ይህን አስቡ፦

1. በጀቱ የሚወሰንበትን ወር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተወሰነ በኋላ መሮጥ ድካም ነው።
2. ተሰብሰቡና አንድ ነገር አስቀድሙ። አሥር ነገር የጠየቀ አንዱንም ላያገኝ ይችላል።
3. ቁጥር ያዙ። ስንት ቤት? ወደ ውሃው ስንት ሰዓት ይኬዳል? «በጣም ተቸግረናል» ከማለት ቁጥር ይናገራል።
4. ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ ስጡ። በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉና አስቀምጡ።
5. የተባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦

«ለ............ ቀበሌ ምክር ቤት። እኛ የ............ መንደር ነዋሪዎች በ............ ቀን ተሰብስበን ተነጋግረናል። በመንደራችን ............ ቤቶች አሉ። ውሃ ለመቅዳት ............ ሰዓት እንሄዳለን። በዚህ ዓመት በጀት ምንጩ እንዲጎለብትልን እንጠይቃለን። ጉልበትና ድንጋይ እናቀርባለን። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡን እናመለክታለን።»

ከታች ስማችሁን ጻፉ፣ ፈርሙ። ትናንት አውራ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ የምታትሙ ዛሬ በእጃችሁ ስማችሁን ትጽፋላችሁ። የምትፈርሙበትን ወረቀት ግን መጀመሪያ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

በማንበቢያ ቡድናችሁ ተወያዩበት፦

ሀ. የፖርቶ አሌግሬ ማኅበራት ለየብቻ ሲሄዱና አንድ ላይ ሲሄዱ ምን ልዩነት አገኙ?
ለ. በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ የተቆጣው ለምንድን ነው? መፍትሔው ምን ነበር?
ሐ. በእናንተ መንደር ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ የትኛው ነው? ሴቶቹስ የትኛውን ያስቀድማሉ?