ወላጆቻችሁ በበረሃ ሊጓዙ ነው? «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ለምን አይሠራም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝን አንድ ጥያቄ እዚሁ ልመልሰው፤ ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ይመስለኛል።

«ዶክተር፣ አባቴ 69፣ እናቴ 64 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። በግንቦት መጨረሻ ለልጅ ልጃቸው ምርቃት ከዴንቨር ላስ ቬጋስ በኪራይ አርቪ ሊሄዱ ነው። በመንገዳቸው ግራንድ ካንየንን፣ ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ዴዝ ቫሊን በእግራችን እናያለን ብለዋል። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ እናቴ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ልከልክላቸው?»

አትከልክያቸው እህቴ። ስንት ዓመት ደፋ ቀና ብለው አሁን ነው ያረፉት። ግን በረሃ የሚጎዳው ሳያስታውቅ ስለሆነ አንዳንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሀገር ቤት እንስራ ውሃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ አይደል? ውሃው በሸክላው ደቃቃ ቀዳዳዎች ይሰርግና ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ላብም ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በበረሃ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላቡ ገና ከመውጣቱ ይተናል። ሸሚዛችሁ አይረጥብም። ሰውየው «ኧረ እኔ አላላበኝም» እያለ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ፈሳሽ እያጣ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ ቢያንሰውም አንጎል ቶሎ «ጠጣ» አይልም። ስለዚህ ለአንድ የ69 ዓመት ሰው «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ማለት ከረፈደ በኋላ እጠጣለሁ ማለት ነው። በስሜት ሳይሆን በሰዓት መጠጣት ያስፈልጋል። ስልካቸው ላይ በየ20 ደቂቃው የሚጮህ ማንቂያ ሙሉላቸው፤ በእግር ጉዞው ላይ ሲጮህ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። (የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ፈሳሽ ቀንስ የተባለ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።)

የእኛ ወላጆች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፦ መንገድ ሲጀምሩ «ሽንት እንዳያስቸግረኝ» ብለው ውሃ ይተዋሉ። አርቪ እኮ መጸዳጃው አብሮ የሚሄድ ቤት ነው! ሰበብ የለም። ብቻ መኪናው እየሄደ ቀበቶ ፈትተው እንዳይነሱ፤ ይቁሙና ይጠቀሙ። በየሁለት ሰዓቱ መቆሙ ለሌላም ይጠቅማል። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ወርደው አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበሉ።

ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣትም ችግር አለው። ከላብ ጋር ጨው ይወጣል፤ ምንም ሳይበሉ ባዶ ውሃ ሲያበዙበት በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሲብስ ግራ ያጋባል፣ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ በመሃል ይብሉ። ጨው ነካ ያለች ቆሎ በቂ ነች፤ ከማንኛውም ውድ የስፖርት መጠጥ እኔ ቆሎዋን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አባትሽ መድኃኒት። «የግፊት መድኃኒት» ስንል ብዙ ዓይነት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ሽንት ያበዛል፣ ሶዲየምም ይቀንሳል። ኢናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል ከሆነ የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ልብ ለሙቀቱ ፈጥና እንዳትመታ ይይዟታል። ይህን አንብበው በራሳቸው እንዳያቆሙ! ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማቸው ጋር ቀርበው «በረሃ ልሄድ ነው፣ ካስመለሰኝ ወይም ካስቀመጠኝ የትኛውን ልዝለል?» ብለው ይጠይቁ።

የእናትሽ ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። የተጀመረው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ያህል ይቆያል፤ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ በደቂቃዎች ከዚያ ያልፋል። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ያበላሸዋል። ጫማቸውንም አንሺባቸው። ስኳር የቆየበት እግር ስሜቱ ሊደነዝዝ ስለሚችል ውሃ የቋጠረ ቁስል ላይታወቃቸው ይችላል። ማታ ማታ አባትሽ በባትሪ ይዩላቸው።

ስለ ቦታዎቹ። ግራንድ ካንየን ደቡባዊው ጠርዝ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋሻ ነው፣ ያታልላል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ተራራ ሲሆን ከባዱን መጀመሪያ ወጥተን ነው የምንወርደው፤ እዚያ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ዳገቱ የሚመጣው ከደከሙ በኋላ ነው። ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀ ለመውጣት ሁለት ይፈጃል ብለው ያስሉ። ዴዝ ቫሊ ደግሞ ዝቅተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፤ በ1913 እ.ኤ.አ. 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶበታል። በግንቦት መጨረሻ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። በሁለቱም ቦታ ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 እስከ 4) በእግር መሄድ ይቅር።

«እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግሁት፣ ሙቀት ምን ያረገኛል» የሚሉ አባቶች አሉ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ የለመደውን ደግሞ ከሙቀት ሲርቅ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ዴንቨር 20 ዓመት የኖረ ሰው በዚህ ጉዳይ የዴንቨር ሰው ነው።

በጣም የምፈራው ግን ሙቀቱን አይደለም፤ ቡናውን ነው። በረሃ ማታ ይቀዘቅዛል። ከሰል አያይዞ፣ በር ዘግቶ፣ አርቪ ውስጥ ቡና ማፍላት ማለት ጠባብ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ መሙላት ነው። ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም፤ ያፈዛል፣ ያስተኛል፣ በዚያው ያስቀራል። ሀገር ቤት በከሰል ያለቁ ቤተሰቦችን ታሪክ ያልሰማ የለም። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። ከሰል ከውጭ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ፤ ፍሙ ሳይጠፋም ወደ ውስጥ አይገባም። የጋዝ ምድጃውን ለማሞቂያ አይጠቀሙበት። ጄኔሬተር አብርተው አይተኙ። አርቪውን ሲረከቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሣሪያ መሥራቱን ቁልፉን ተጭነው ይሞክሩት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው «ምግቡ ነው» ሳይሉ ወዲያው ይውጡና 911 ይደውሉ።

በመንገድ ላይ አንደኛቸው ከደከማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ጡንቻ ካሸማቀቃቸው ጥላ ውስጥ ገብተው ይረፉ፣ ይጠጡ፤ በዚያ ቀን ጉዞው አበቃ። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገዱ ወይም ያሉበትን ከሳቱ ግን ሂት ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ላብ ቢኖርም ባይኖርም። 911 ይደወል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ልብስ አውልቆ ውሃ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ በረዶ ካለ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ መያዝ። ፓራሲታሞል ለዚህ ሙቀት አይሠራም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። እናትሽ ላይ እንዲህ ያለ መደናገር ከታየ ስኳራቸውም እዚያው ይለካ፤ የስኳር መውረድም እንዲሁ ያደርጋል።

ዴዝ ቫሊ አብዛኛው ቦታ የስልክ ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ በየትኛው መንገድ ሄደው በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ከመነሳታቸው በፊት ላንቺ ይንገሩሽ፤ ከሰዓቱ ካለፈ ዝም ብለሽ አትጠብቂ፣ ደውዪ። የመድኃኒቶቻቸውን ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ አንዱን ቅጂ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ሌላውን መኪናው ውስጥ አድርጊላቸው። እንግሊዝኛው በድንጋጤ ቢጠፋባቸው እንኳ 911 ላይ «አማርኛ» ይበሉ፤ ብዙዎቹ ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።