የሞላሌ ነጭ ሽንኩርት እና 230 ጄሪካን

ዛሬ የቡና ዋጋ የለም፣ ስለ ማዳበሪያ ላውራ። ዩሪያ በተወደደ ቁጥር ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል፦ «ፈሳሽ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ያዋጣል ወይ?»

ሞላሌ ያለችው አክስቴ ከጓሮዋ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። መንዝ ብርድ ነው፣ እንጨትም እንደልብ የለም። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ የተረፈው ገበያ ይወጣል። ስለዚህ «ኮምፖስት አዘጋጁ» የሚለው ምክር እዚያ ሲደርስ ከምድጃ ጋር ይጣላል። ሽንቱን ግን ማንም አያነደውም! አክስቴ የበረቱን ወለል ዘመም አድርጋ በቦይ ወደ ጄሪካን ታጠራቅመዋለች። በበርሜል ደግሞ ሳማ በውሃ ትዘፈዝፋለች፤ የአውሮፓ አትክልተኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ክፉኛ ይሸታል (ጎረቤት ያማርራል)። ከዚያ አጥልላ፣ አንዱን እጅ በአስር እጅ ውሃ አቅጥና፣ ቅጠሉን ሳትነካ ሥሩን ታጠጣለች። ሽንቱንም እንደዚሁ ታቀጥነዋለች። አምና እኔ ላግዝ ብዬ ሽንቱን ሳላቀጥን አፍስሼ አንድ መደብ አቃጠልኩባት። «አንተ ልጅ፣ ሚዛን ላይ ብቻ ነው እንዴ የምትጠነቀቀው?» አለችኝ።

አሁን ሂሳቡን እንየው። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። የከብት ሽንት በሊትር 10 ግራም ይይዛል ብንል (ብዙ ጊዜ ያንሳል)፣ አንዱን ኩንታል ለመተካት 4,600 ሊትር ያስፈልጋል። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 230 ነው። አህያዋ ሁለት ሁለት ብትጭን 115 ምልልስ! ለጓሮ ሽንኩርትና ጎመን ያዋጣል፣ ራቅ ላለ የገብስ ማሳ ግን አይሞከርም።

ለማሳው የሚሻለው ደረቁ ኮምፖስት ነው። ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሞክረውት፣ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር ምርት አግኝተውበታል። ግን እበቱ ከምድጃ መትረፍ አለበት። ዩኒየኖች፣ ስለ ማዳበሪያ ስትሰበሰቡ ማገዶውንም አብራችሁ አንሱ እንጂ!

ላኪዎች ደግሞ፦ «ኬሚካል አልነካውም» ማለት ኦርጋኒክ ማለት አይደለም። ያለ ሰርተፊኬት የኦርጋኒክ ዋጋ የሚከፍል ገዢ እስከዛሬ አላገናኘሁም። የአክስቴ ትርፍ ዩሪያ አለመግዛቷ ነው፣ ሌላ ጭማሪ የለውም።

ዘንድሮ ሁለተኛ በርሜል ገዝታለች። ሽንኩርቱ ሲነቀል የሸጠችበትን ዋጋ እዚሁ እለጥፋለሁ።