ግራፊክስ ካርድን ስለ መለወጥ

በኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ተሰክቶ፣ ማራገቢያውን እያዞረ፣ በስክሪን ላይ የምናየውን ሥዕል በየቅጽበቱ የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ፣ የጌም ወዳጆች ስሙን ከአፋቸው ባይለዩትም የአሠራሩ ምሥጢር ለብዙዎች ገና አልተገለጠምና፣ አሮጌውን ልለውጥ ወይስ ልታገሥ እያለ የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው አስቀድሞ ጠባዩን ቢመረምር ከከንቱ ወጪ ይድናል።

ፕሮሰሰሩ ረቂቁን ነገር ተራ በተራ እንደሚፈታ ሊቅ መምህር ሲሆን፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን እያንዳንዳቸው ቀላል ሒሳብ ይዘው ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደሚያሰሉ ደቀ መዛሙርት ጉባኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ውስጥ 3,584፣ በ2022 በወጣው አርቲኤክስ 4090 ውስጥ ደግሞ 16,384 እንዲህ ያሉ አስሊዎች ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሠራዊት ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ምክንያቱ የነጥቦቹ ብዛት ነው። ወርዱ 1,920 ቁመቱ 1,080 የሆነው የተለመደው ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ፎር ኬ የሚባለው 8,294,400፣ ማለት አራት እጥፍ አለው፤ ጌሙም በሰከንድ 60 ሥዕል ይሣል ከተባለ፣ ካርዱ በእያንዳንዷ ሰከንድ ወደ 500 ሚሊዮን ለሚጠጉ ነጥቦች ኅብረ ቀለም መወሰን ግዴታው ይሆናል።

እንግዲህ የስክሪኑ ነጥቦች በበዙ ቁጥር ሸክሙ የሚከብደው በካርዱ ላይ እንጂ በፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም። ይህንም ማንም ሰው በቤቱ ሊፈትነው ይችላል፤ ጌሙን ከፍቶ፣ ዛፍና ሰው ከበዛበት ስፍራ ቆሞ፣ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚሣል የሚያሳየውን ቁጥር በስክሪኑ ጥግ አብርቶ፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ የነጥቦቹን ብዛት ብቻ ዝቅ ያድርግ። ለምሳሌ 35 የነበረው ቁጥር ወደ 80 ቢዘል የደከመው ካርዱ ነውና መለወጡ ይገባል፤ ቁጥሩ ከነበረበት ባይነቃነቅ ግን የደከመው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ፣ ውድ ካርድ ገዝቶ ሥራ ፈት ማስቀመጥ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ነገር የካርዱ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ነው። በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 በፍጥነት ከ1080 ቲአይ እጅግ ቢልቅም፣ አሮጌው 11 ጊጋባይት ሲኖረው አዲሱ በመጀመሪያ የወጣው በ10 ነበረ፤ ይህ ስፍራ በሞላ ጊዜ ካርዱ የጎደለውን በዝግታው መንገድ ከኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ስለሚያመጣ፣ ተጫዋቹ አንዱን ማዕዘን ሲዞር ሥዕሉ ድንገት ይቆምና ይንገዳገዳል። ስለዚህ በፎር ኬ ለሚጫወት ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ጊጋባይቱን ሳይመረምር በፍጥነቱ ብቻ መማረክ ትልቅ ስሕተት ነው።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ መላ ይሞከር። ዲኤልኤስኤስ እና ኤፍኤስአር የተባሉት ዘዴዎች፣ ጥራትን በሚያስቀድመው ምርጫቸው፣ ለፎር ኬ ስክሪን 3,686,400 ነጥቦችን ብቻ ሥለው የቀረውን በስሌት ይሞላሉ፤ የፊተኛው የአርቲኤክስ ካርድ ሲፈልግ፣ የኋለኛው ግን በ1080 ቲአይም ላይ ይሠራልና፣ ብዙ ጌም በዚህ ብቻ ሌላ አንድ ሁለት ዓመት በደስታ ሊጫወቱት ይቻላል።

ፈተናው ሁሉ ካለፈ በኋላም ልግዛ ያለ ሰው፣ ያ 4090 እስከ 450 ዋት የሚስብ፣ የኤንቪዲያ የራሱ ሥሪትም 304 ሚሊሜትር የሚረዝም መሆኑን አስቦ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብብ፤ ሣጥኑንም ከፍቶ ከኋላው ግድግዳ እስከ ፊተኛው ማራገቢያ ድረስ በሜትር ይለካ።