ቅጠሉን ያራገፈ የበረሃ ጽጌረዳ አልሞተም

ታኅሣሥ ሲጋመስ የሐርጌሳ ሌሊት ይቆነጥጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊት ቴርሞሜትሩ ወደ 12 እና 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይወርዳል። ሶማሌዎች ይህን ደረቅ ወቅት ጂላል ይሉታል። በረንዳ ላይ በማሰሮ የተተከለው የበረሃ ጽጌረዳ በዚህ ሰሞን ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ውሃ ቀድቶ ያጠጣዋል። በማግስቱም ይደግማል። የካቲት ላይ ያ ወፍራም ግንድ ከሥሩ ልምሾ ሆኖ ሲወድቅ ጥፋተኛው ጂላል ይሆናል። ዛፉን የገደለው ግን ውሃው ነው።

ስለዚህ ዛፍ የሚነገረው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። ከጽጌረዳ ጋር አይዛመድም፤ ብዙዎች እንደሚገምቱትም ቁልቋል አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሱም ይባላል፤ ዘመዶቹ ኦሊያንደርና ፍራንጂፓኒ ናቸው። ፔተር ፎርስኮል የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ የመን ውስጥ አይቶ የጻፈው መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1775፣ እሱ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ታትሟል። ሐርጌሳ ላይ ግን የውጭ ጌጥ ሳይሆን የአገሬው ተወላጅ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ደረቅ ድንጋያማ መሬት፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎችም ጭምር፣ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ያበጠው ግንዱ የውሃ ጎተራው ነው። ቦንሳይ ወዳዶች የተሻሙበትም በዚሁ ግንድ የተነሳ ነው፤ በጥቂት ዓመት ዕድሜው የመቶ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል።

«ቦንሳይ የዛፍ ዝርያ ነው» የሚለውም እምነት ሥር የሰደደ ነው። «የቦንሳይ ዘር» ተብሎ በሚያምር ፓኬት የሚሸጠው ነገር የተራ ዛፍ ዘር ነው። ቦንሳይ ዛፍን በማሰሮ አሳንሶ የመያዝ ጥበብ እንጂ ዝርያ አይደለም። ከ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የቶኪዮ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ወደ ኦሚያ ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1925 የመሠረቱት መንደር ዛሬም በዚህ ጥበብ የታወቀ ነው። የእነሱን የቼሪ ዘር ሐርጌሳ ላይ የዘራ ሰው አበባውን ሲጠብቅ ይኖራል። እንዲህ ያሉ ዛፎች እምቡጥ የሚከፍቱት ለብዙ መቶ ሰዓታት ብርድ ሲያገኛቸው ነው። የጋሞዋ ጨንቻ በአፕሏ የታወቀችውም በደጋነቷ ነው። ለሐርጌሳ ቦንሳይ የሚሆነው ዛፍ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተራራው ላይ ቆሟል።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ውሃን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው ቅጠል ነው። ቅጠል ከሌለ የሚስብ የለም፤ ስለዚህ የተጨመረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ሌሊት አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩ አየር ያጣል። ያን ጊዜ እንደ ፒቲየም ያሉ ሥር አበስባሽ ተዋሕስያን ከጫፍ ጀምረው ወደ ግንዱ ይወጣሉ። ከውጭ ምልክቱ ሲታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

የተኛውን ከበሰበሰው ለመለየት አውራ ጣት ይበቃል። ግንዱ ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ዛፉ ተኝቷል፤ ይተውት። ዙሪያውን እኩል ለስለስ ብሎ ቆዳው ከተሸበሸበ ጠምቶታል። በአንድ ጎን ብቻ ጣት ካሰመጠ፣ ከጠቆረና ከሸተተ ግን መበስበስ ጀምሯል። የዚህን ጊዜ ከማሰሮው ነቅሎ፣ ነጭና ንጹሕ ሥጋ እስኪታይ ድረስ በስለታም ቢላ ቆርጦ፣ ቁስሉ ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ማቆየት ነው። በሠፊው ግንድ ላይ ይህ ከአንድ ሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ተቃራኒው ምክርም እንዲሁ ዛፍ ይገድላል። «በጂላል አንድ ጠብታ እንዳታሳዩት» የሚሉ አሉ። ዛፉ ግን ወሩን ቆጥሮ አይተኛም፤ የሚያስተኛው ብርድና ድርቀት ነው። በርበራን እንይ። ከሐርጌሳ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባሕር ዳር ያለች ወደብ ናት፤ ሌሊቷ በጥር እንኳ ለብ ያለ ነው። አንዱ ዛፍ ሐርጌሳ ላይ ራቁቱን ሲቆም ወንድሙ በርበራ ላይ ቅጠሉን ይዞ ሊከርም ይችላል። በዚያው በሐርጌሳም ፀሐይ የመታውን ግድግዳ የተጠጋው ማሰሮ ከጓሮው ቀዝቃዛ ጥግ ካለው ይለያል። ስለዚህ መለኪያው ቅጠል ነው። ቅጠል ካለው አፈሩ እስከ ውስጥ ሲደርቅ ይጠጣል። ቅጠል ከሌለው ትልቅ ዛፍ በወር አንዴ ጥቂት ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ባያገኝም ግንዱ ያሻግረዋል። ገና ዓመት ያልሞላው ችግኝ ግን ጎተራው ባዶ ስለሆነ ፈጽሞ መድረቅ የለበትም። ማዳበሪያ ለሁሉም ይቆያል። ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ እየተገዛ በሚጠጣባት ከተማ ይህ ለኪስም ደግ ዜና ነው።

ትልቁ ክርክር ማሰሮ የሚቀየርበት ጊዜ ላይ ነው። «ዛፍ የሚዛወረው ሲተኛ ነው» የሚለው ሕግ ከጃፓንና ከአውሮፓ መጻሕፍት የተወሰደ ነው። በእነዚያ አገሮች፣ ለቅጠል አርጋፊ ዛፎች፣ እውነት ነው፤ የሚዛወሩት በብርዱ ማብቂያ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል ነው፤ የተቆረጠው ሥርም ወዲያው ነቅቶ ቁስሉን ይደፍናል። እዚያም ቢሆን ሕጉ አንድ ወጥ አይደለም። ሳትሱኪ የሚባለው አዛሊያ በግንቦትና በሰኔ ያብብና አበባው እንዳለቀ ነው የሚዛወረው። የበረሃ ጽጌረዳ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በታኅሣሥ የተቆረጠ ሥሩ እስከ መጋቢት ሳይድን አፉን ከፍቶ ይቆያል። ሐርጌሳ ላይ ጊዜው ሌሊቱ ሞቅ ሲል፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ አዲስ ቅጠል ነጥብ ነጥብ እያለ ብቅ ሲል ነው። ይህም ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ድረስ ነው። ያን ጊዜ የተዛወረ ዛፍ ሥር የሚሰድበት ብዙ ሞቃት ወራት ከፊቱ አሉት። በጥቅምት የተዛወረው ግን ገና ሳይቆናጠጥ ብርዱ ይደርስበታል።

አበባ እንዳይረግፍ ብለው ማሰሮ መቀየሩን የሚያስተላልፉም አሉ። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ ሥር ሲከረከም ቅርንጫፍ ከተቆረጠ እርግጥ ለጊዜው ይጠፋል፤ ነገር ግን አንዱ ጫፍ ሲቆረጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ ስለሚያቆጠቁጥ በሚቀጥለው ዙር አበባው ይበዛል። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ የአንድ ዙር አበባ መክፈል ያዋጣል።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ሜፕልም አዛሊያም እንደተዛወሩ ወዲያው ይጠጣሉ። የበረሃ ጽጌረዳ ግን አፈሩ ደረቅ እንዳለ ይነቀላል፤ የቀጠኑና የሞቱ ሥሮች ይከረከማሉ፤ ዛፉም ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ ለጥቂት ቀናት ተጋድሞ ይቆያል። ከዚያ በደረቅ አፈር ይተከላል፤ ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ውሃ የሚያገኘው። ሲተከል ከነበረበት ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግ ተሸፍነው የነበሩት ወፋፍራም ሥሮች ይገለጣሉ። ያ የቦንሳይ ግርማ የሚመጣው እንዲህ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየተነሳ ነው።

«ውሃ እንዲወርድ ከሥር ጠጠር ደልድሉበት» የሚለው ምክር ከሁሉም በላይ የተስፋፋ፣ ከሁሉም በላይ የተሳሳተ ነው። ደቃቅ አፈር ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይለቅም፤ ስለዚህ እርጥቡ ክፍል ከጠጠሩ በላይ፣ ወደ ሥሩ ቀርቦ ይቆማል። በውሃ የራሰ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በጠፍጣፋው ይዘው ጠብታው ሲያቆም በቁመቱ ያዙሩት፤ እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል። ዝቅ ያለው የቦንሳይ ሳህን ከረጅም ማሰሮ ይልቅ ውሃ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው አፈሩን በሙሉ ሻካራ ማድረግ ነው። ታጥቦ ደቃቁ የወጣለት የወንዝ አሸዋ፣ የተፈጨ ሸክላ ወይም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይሆናል። ትልቅ ማሰሮም ዛፉን አያፋጥነውም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ሁሉ የማይደርቅ አፈር ነው።

ቡገንቪሊያን በቦንሳይ የሚያሳድግ ሰው ይህን ሁሉ እንዳለ አይቅዳ። የሚዛወረው በዚያው ሞቃት ወቅት ነው፤ ሥሩ ግን በቀላሉ ስለሚቆረጥ አፈሩ ሙሉ በሙሉ አይራገፍም፤ እንደተተከለም ወዲያው ይጠጣል። አበባው ጠፋ ብለው ውሃና ማዳበሪያ የሚያበዙበት ደግሞ ቅጠል ብቻ ያተርፋሉ፤ ፀሐይ የጠገበና ትንሽ የተጠማ ቡገንቪሊያ ነው የሚያብበው።

የበረሃ ጽጌረዳ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መርዛማ ነው መባሉ ተረት አይደለም። ልብን የሚጎዱ ውሁዶች አሉት፤ በአፍሪካ የተለያዩ ሕዝቦች ለቀስት መርዝ ተጠቅመውበታል። ዛፉን መንካት ብቻ አይገድልም፤ ሲቆርጡ ጓንት ማድረግ፣ እጅን መታጠብና ቁርጥራጩን ሕፃንና ፍየል ከማይደርሱበት መጣል ግን ግድ ነው።

የሐርጌሳውን አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ እንዳለ የሚከተል አንባቢ ዛፉን ያጣዋል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከሐርጌሳ ይብሳል፤ ግን ደረቅ ስለሆነና ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት የገባ ዛፍ ይቋቋመዋል። ገዳዩ ሐምሌና ነሐሴ ነው፦ ብርድ፣ ደመናና ዕለታዊ ዝናብ በአንድ ላይ። አዲስ አበባ ላይ ማሰሮ መቀየር የሚገባው በየካቲትና በመጋቢት፣ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ ነው። ሰኔ ሳይጋመስም ዛፉን ብርሃን ወደሚያገኝ፣ ዝናብ ግን ወደማይነካው በረንዳ ያስገቡት፤ መስከረም እስኪጠባ ድረስም ውሃውን እርስዎ ይስጡት እንጂ ሰማዩ አይስጠው።